የጎንደር ልጅ ድምፅ በአሜሪካ ሣጥን

በደባርቅና በዳባት፣ በጃናሞራና በወገራ ደጋ የሚኖር ሰው ከሁለት የማይረቡ ነገሮች አንዱን እንዲመርጥ ሲጠየቅ «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል» ብሎ መመለሱ የቆየ ልማዱ ነው፤ ብሂሉ የመላው አማርኛ ተናጋሪ ገንዘብ ቢሆንም፣ ማለዳ ከቤቱ ወጥቶ የጭላዳ መንጋ በገደሉ አፋፍ ላይ ሣር ሲነጭ ለሚያይ ለሰሜን ሰው ግን ከሌላው ይልቅ የቀረበ ነው። ይኸው ብሂል በእኛ ዘመን ባሕር ተሻግሮ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በጆርጂያና በኔቫዳ ለምርጫ በተሰለፉ የጎንደር ልጆች አፍ ይሰማል። ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሰው የዓለምን ኃያል መንግሥት መሪ ለመምረጥ መብቃቱ ራሱ የሚያስደንቅ ሆኖ ሳለ፣ ለዚህ የበቃው ሰው መልሶ «ሁለቱንም አልወዳቸውም፤ ምንተ ንግበር?» እያለ መጨነቁ ነገሩን ረጋ ብለን እንድንመረምረው ያስገድደናል።

ጎንደርና አሜሪካ በዝምድና የተሳሰሩት በደብዳቤና በሐዋላ ብቻ አይደለም። የጎንደር ከተማ በኦሪገን ግዛት ካለችው ከኮርቫሊስ ጋር የእህትማማችነት ውል ያላት ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በሜሪላንድ ግዛት ከሚገኘው ከሞንትጎመሪ ካውንቲ ጋር ተዋውላለች፤ በዚያን ጊዜ የካውንቲው አስተዳዳሪ የነበሩት አይዛያ ሌጌትም ልዑካን አስከትለው ጎንደር ድረስ መጥተው ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትባለው ከተማ በዚሁ ካውንቲ ውስጥ ያለች ናት፤ እዚያም የእንጀራው ገበያ፣ የሰንበቴው ማኅበር፣ የጥምቀቱ ሽብሸባ ሳይጓደል ይገኛል። ከአብዮቱ በኋላ በመተማ በኩል በእግሩ ሱዳን ገብቶ በገዳሬፍና በካርቱም የተንከራተተው የመጀመሪያው ስደተኛ፣ ኋላም ዲቪ የደረሰው መምህርና ነርስ፣ ግሪን ካርዱን ይዞ አምስት ዓመት ከተቀመጠ በኋላ የዜግነቱን ፈተና አልፎ ቀኝ እጁን አንሥቶ ሲምል፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ድምፁ ከአገሬው ተወላጅ ድምፅ ጋር እኩል ይቈጠራል። በዋሽንግተን ዲሲ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ከታወቁት ልሳናት አንዱ በመሆኑ፣ እንግሊዝኛው ያልዘለቀው አዛውንት የምርጫውን መመሪያ በፊደሉ ሊያነብ ይችላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ክብር ከተሟላ በኋላ ጭንቁ ከወዴት መጣ? ምንጩ የዕጩዎቹ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሂላሪ ክሊንተንና ዶናልድ ትራምፕ ሲወዳደሩ፣ የሕዝብን ስሜት መመዘን ከተጀመረ ወዲህ ሁለት ዋና ዕጩዎች እንዲያ በአንድነት ተጠልተው አይታወቁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ጆ ባይደን ከውድድሩ ሳይወጡ ፒው የተባለው የጥናት ተቋም ባደረገው መጠይቅ ደግሞ፣ ከአራት አሜሪካውያን አንዱ ያህል ባይደንንም ትራምፕንም እንደማይወድ ተናግሯል። አንባቢ እዚህ ላይ «ሦስት መቶ ሠላሳ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባለበት አገር ሁለት የሚወደዱ ሰዎች እንዴት ጠፉ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የተገባ ነው።

መልሱ ያለው የምርጫው ቀን ከመድረሱ ብዙ ወራት አስቀድሞ በየፓርቲው ውስጥ በሚደረገው የዕጩዎች መለያ ምርጫ ነው። ወደዚያ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ የፓርቲው ቀናኢ ነው እንጂ ሥራ የበዛበት፣ ሁለት ፈረቃ የሚነዳው የታክሲ ሾፌር አይደለም። በ2016 ትራምፕን ለዕጩነት ያበቃቸው ወደ 14 ሚሊዮን የሚሆን ድምፅ ሲሆን፣ ክሊንተን ያገኙት 17 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በኅዳር ወር ግን ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ከ136 ሚሊዮን በላይ ነው። እንግዲህ ጥቂቱ ያበሰለውን ብዙው እንዲበላው ግድ ይሆናል። በዚህም ላይ ከሜይንና ከነብራስካ በቀር በየግዛቱ በአንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠው ዕጩ ፕሬዚዳንቱን የሚሾሙትን የግዛቱን መራጮች (ኤሌክተሮች) ሁሉ ጠቅልሎ ስለሚወስድ፣ ከ538ቱ 270 ያገኘውም ስለሚነግሥ፣ ሦስተኛ ሰው መካከል ገብቶ ድል የማድረግ ተስፋው የመነመነ ነው። ክሊንተን ከትራምፕ 2.8 ሚሊዮን በሚበልጥ ድምፅ ቀድመው ሳለ የተሸነፉት በዚህ ሥርዐት ነው፤ ነገሩን የቈረጡት ሦስት ግዛቶች፣ ዊስኮንሲን፣ ሚሺጋንና ፔንስልቬንያ ሲሆኑ፣ የሦስቱ ልዩነት ቢደመር 78 ሺህ እንኳ አይሞላም።

ሁለቱንም የጠላ ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? በ2016 አራት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ለሊበርታርያኑ ጋሪ ጆንሰን፣ አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚጠጋው ለአረንጓዴዎቹ ጂል ስታይን ሰጠ፤ ስንቱ ደግሞ ከቤቱ ሳይወጣ ቀረ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን የኔቫዳ ሕግ ነው። በላስ ቬጋስ ከተማ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያዊ በታክሲና በቁማር ቤት ሥራ ይተዳደራል፤ ካውንቲውም አንዱን ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞለታል። በዚያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ከዕጩዎቹ ስም በታች «ከእነዚህ አንዳቸውንም» የሚል መስመር በሕግ ተጨምሮ ይታተማል። በ2016 ይህን መስመር የመረጡት 28,863 ሰዎች ሲሆኑ፣ ክሊንተን ኔቫዳን ያሸነፉበት ልዩነት 27,202 ነበር፤ «ሁለቱንም አልፈልግም» ያለው ሕዝብ አሸናፊውን ከተሸናፊው ከለየው ቍጥር በለጠ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በተደረገው የሪፐብሊካኑ መለያ ምርጫ ደግሞ ኒኪ ሄሊ፣ ትራምፕ ስማቸውን ባላስመዘገቡበት ውድድር፣ ለዚሁ ስም የለሽ ባላንጣ ከእጥፍ በሚበልጥ ድምፅ ተረቱ። ነገር ግን ሕጉ አንድ ቀዳዳ አለው፤ «አንዳቸውንም» የሚለው መስመር አንደኛ ቢወጣም እንኳ ሹመቱን የሚወስደው ከእርሱ ቀጥሎ ብዙ ድምፅ ያገኘው ሥጋ ለባሽ ነው። ቍጣው ይመዘገባል፣ ይቈጠራል፣ በጋዜጣ ይወጣል፤ መንበሩ ግን ባዶ አያድርም።

እኔ በበኩሌ ይህን የኔቫዳ መስመር ስመለከት፣ ጎንደር ራሷ በሁለት የማይወደዱ ጌቶች መካከል የቆመችበትን ዘመን አስባለሁ። የትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑል እ.ኤ.አ. በ1769 አፄ ኢዮአስን አስገድለው፣ ከወህኒ አምባ ያወረዷቸውን ሽማግሌውን ዮሐንስን፣ ከእርሳቸውም በኋላ ወጣቱን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። በሚቀጥለው ዓመት ሚካኤል ወደ ትግራይ ሲያፈገፍጉ፣ የበጌምድሩ ወንድ በወሰንና የአምሐራው ጎሹ ደግሞ ሱስንዮስ የሚባል ሌላ ንጉሥ በጎንደር ላይ አቆሙ። ወዲያው ሚካኤል ተመልሰው ከተማዪቱን ያዙ፤ ያደረሱትንም በቀል በዚያን ጊዜ በጎንደር የነበረው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በመጽሐፉ ዘርዝሮታል። የአርባ አራቱ ታቦት ካህን፣ የአደባባዩ ነጋዴ፣ የቀሀው ሸማኔ ከሁለቱ ነገሥታት ማንን ይመርጥ እንደ ነበር የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ለአንዱ እልል ያለ ሁሉ በሌላው ዘንድ ከዳተኛ ይባላል፣ ዝም ያለም አይድንም። ስለዚህ ዛሬ በላስ ቬጋስ ሁለቱንም ዕጩ አልፎ የታችኛውን መስመር ሞልቶ ወደ ሥራው የሚሄድን ሐበሻ «ድምፁን አባከነ» ብዬ ለመፍረድ ልቡናዬ አይፈቅድልኝም። ባክኖ ይሆናል፤ ነገር ግን ሌሊት በሩን የሚደበድብበት የለም።

ወደ ራሳችን ነገር እንመለስ። በጥቅምት 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ ሲነጋገሩ፣ ጋዜጠኞች እየሰሙ፣ ግብፅ የዓባይን ግድብ ልታፈነዳው እንደምትችል ተናገሩ። አስቀድሞም መንግሥታቸው በግድቡ ድርድር ሰበብ እስከ 130 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ዕርዳታ አግዶ ነበር። ከስልኩ ንግግር በማግሥቱ የዚያን ጊዜው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አቶ ገዱ አንዳርጋቸው የአሜሪካን አምባሳደር አስጠርተው ማብራሪያ ጠየቁ። ትራምፕ ይህን ሲናገሩ ምርጫው አሥራ አንድ ቀን ብቻ ቀርቶት ስለ ነበር፣ እስከዚያች ዕለት ያመነታ የነበረው ብዙው ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ወደ ባይደን አዘነበለ። በጆርጂያ፣ በአትላንታና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያዊ በሚኖርበት ግዛት፣ ባይደን ያሸነፉት በ11,779 ድምፅ ብቻ መሆኑን የሰማ ሁሉ «የእኛ ድምፅ ነው የጣለው» ብሎ ደረቱን ነፋ። እንዲህ ያለውን ጕራ ሌላውም ማኅበረሰብ ሁሉ በየፊናው ስለሚነፋው ብዙ አንመካበት።

ደስታው አንድ ዓመት እንኳ አልዘለቀም። የባይደን መንግሥት በየካቲት የግድቡን ነገር ከዕርዳታው ለየ፤ ነገር ግን በዚያው ወራት የሰሜኑ ጦርነት እየተፋፋመ ሄደ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ብሊንከን በምክር ቤት ፊት ቀርበው በምዕራብ ትግራይ የዘር ማጽዳት ድርጊት እንዳለ ሲናገሩ፣ ያንኑ ምድር ወልቃይት ብሎ በበጌምድር ስም የሚያውቀው የጎንደር ተወላጅ ቃሉን በራሱ ላይ እንደ ተነገረ ፍርድ ቈጠረው። በግንቦት የቪዛ ክልከላ፣ በመስከረም የማዕቀብ ትእዛዝ ተከተለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ፣ ቦታውን የትግራይ ኃይሎች በያዙበት ጊዜ ሰላማዊ ገበሬዎች መገደላቸው በተሰማ ጊዜ፣ ዘመዱን ያጣው በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የሚኖር የዳባት ልጅ «ለእነዚህስ ማን ይጮኻል?» አለ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በአክሱም ወገኑ ያለቀበት የትግራይ ተወላጅ ደግሞ፣ በዚያው ከተማ፣ ምናልባትም በዚያው ሕንፃ እየኖረ፣ የባይደን መንግሥት የዘገየና ያነሰ ነገር እንጂ የበዛ እንዳላደረገ ያምን ነበር። የኢትዮጵያውያን ድምፅ ብለን በአንድነት ስንጠራው ይህን መዘንጋት አይገባም፤ አንዱን ዕጩ ሁለቱም ቢጠሉት የጠሉበት ምክንያት ተቃራኒ ነበር።

በጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የቨርጂኒያ ሕዝብ አገረ ገዥውን ሊመርጥ ወጣ፤ ዴሞክራቱ ቴሪ ማክኦሊፍ፣ ሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ነበሩ። የባይደን መንግሥት ኢትዮጵያ ከቀረጥ ነፃ ገበያው ከአጎዋ እንደምትወጣ ያስታወቀውም በዚያችው ዕለት ነው። ቀደም ብሎ ግን በሰሜን ቨርጂኒያ ያለው ሐበሻ፣ ለዘመናት የዴሞክራቶች ታማኝ ሆኖ የኖረው፣ በየምግብ ቤቱና በየታክሲው ሰልፍ ላይ ለያንግኪን ይቀሰቅስ ነበር። ያንግኪንን ስለ ወደደ አልነበረም፤ ብዙው ሰውየውን ከዚያ በፊት አያውቀውም። ማክኦሊፍም ስለ ኢትዮጵያ የወሰኑት አንዳች ነገር አልነበረም፤ የግዛት አገረ ገዥ በውጭ ጉዳይ ላይ ሥልጣን የለውም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። በዚያን ሰሞን ከጎንደር ወደ ቨርጂኒያ በሚደወለው ስልክ ይህን የመሰለ ንግግር ያልተሰማበት ቤት ጥቂት ነው።

«አንተ ልጅ፣ ግድባችሁ ይፈርሳል ያለው ሰውዬ ወገን ለሆነው ድምፅህን ልትሰጥ ነው አሉኝ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው ጋሼ። እርስዎም ቢሆኑ ያደርጉት ነበር። እነዚህኞቹ እኮ ከኪሳቸው የገባን መስሏቸው ረሱን።»

«ኋላ ያም ቢረሳህሳ?»

«ያን ጊዜ እርሱንም እነሣዋለን።»

ያንግኪን 63 ሺህ ከጥቂት በሚሆን ድምፅ፣ ሦስት ሚሊዮን ከሦስት መቶ ሺህ ያህል ከተሰጠው ውስጥ፣ አሸነፉ። በማግሥቱ በየስብሰባው «እኛ ነን የጣልናቸው» ተባለ። እንደ እኔ ግምት የቨርጂኒያን ምርጫ የቈረጠው የትምህርት ቤቱ ክርክርና የኑሮው ነገር ነው እንጂ የኢትዮጵያ ጉዳይ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ የዚያ ወጣት መልስ ከቍጥሩ ይልቅ ትክክል ይመስለኛል። ዕጩን እንደ ሙሽራ የሚመርጥ ሰው ሁለቱንም ባልወደደ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ድምፁን እንደ ገበያ ገንዘብ የሚይዝ ሰው ግን ነጋዴዎቹን መውደድ አያስፈልገውም፤ ማንኛቸው ዛሬ ለምን ያህል እንደሚሸጡለት ይጠይቃል፣ ነገ ደግሞ ተነሥቶ ወደ ሌላው ድንኳን ይሄዳል።

እዚህ ላይ ብሂላችን ዝንጀሮዎቹን ሳይበድል አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሰሜን ተራሮች፣ በሳንቃበር አካባቢ፣ ጭላዳን ያጠኑት እንግሊዛዊው ሮቢን ደንባር እንደ ጻፉት፣ አንድ ጎረምሳ ወንድ መጥቶ የመንጋውን ባለቤት ሲገጥም፣ ጎፈራቸውን ነስንሰው፣ የላይኛ ከንፈራቸውን ገልብጠው፣ ከገደሉ አፋፍ እየተሯሯጡ ሲፎክሩ የሚታየው የሁለቱ ወንዶች ጠብ ቢሆንም፣ ነገሩን የሚቈርጡት ግን ሴቶቹ ናቸው፤ የቀድሞውን ትተው ከአዲሱ ጋር ከተቀመጡ አሮጌው ያበቃለታል፣ ካልተቀመጡም ጎረምሳው ቁስሉን እየላሰ ይመለሳል። ሴቶቹ ከሁለቱ አንዱን ቆንጆ ነው ብለው እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የሚያመዛዝኑት የየራሳቸውን ጥቅም ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ይታወቃል። ባይደን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ከውድድሩ ወጡ፤ በእርሳቸው ፋንታ ካማላ ሃሪስ ተተኩ፤ ትራምፕ በ312 ለ226 የኤሌክተሮች ድምፅ አሸንፈው ተመለሱ። በ2025 ክረምት ደግሞ የዓባይ ግድብ በአሜሪካ ገንዘብ እንደ ተሠራ ደጋግመው ተናገሩ፤ ይህንንም ከደመወዙ እየቀነሰ ቦንድ የገዛው የጎንደር መምህርና የማክሰኞ ገበያ ቸርቻሪ በሬድዮ ሰምቶ ሳቀ። ግድቡ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚህም በዚያም ተስፋ ያደረገው የዲያስፖራ መራጭ፣ ከሁለቱም ፓርቲ ፕሬዚዳንቶች በየተራ ቅር የተሰኘ ሆኖ፣ ዛሬም ከዚያው ጥያቄ ፊት ቆሟል።

በአገራችን ያለውን ሥርዐት የሚያውቅ አንባቢ ይህ ጭንቀት ለእኛም እንግዳ እንዳልሆነ ያስተውላል። እኛ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በቀጥታ አንመርጥም፤ የወረዳችንን ተወካይ ነው፤ ስለዚህ በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በጎንደርም ሆነ በሌላው አገር የተሰለፈው መራጭ ሰውየውን ትቶ ምልክቱን፣ ንቡን ወይም ሁለቱን ጣት፣ እንዲመለከት ሆነ፤ «ሰውየውን ባላውቀውም የእነዚያ አለመሆኑ ይበቃኛል» ያለውም ጥቂት አልነበረም። ከ547ቱ መቀመጫ ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109 ማግኘታቸው ታወጀ፤ ቀጥሎ የመጣውን መከራ ግን ሁሉም ያስታውሰዋል፣ እዚህ አላነሣውም።

በአሜሪካ ያለው ወገናችን ግን ብዙ ጊዜ ዓይኑን የማያሳርፍበት ሌላ ስፍራ አለው። የድምፅ መስጫው ወረቀት ከፕሬዚዳንቱ ስም በታች ገና ረጅም ነው፤ የምክር ቤቱ፣ የካውንቲው፣ የትምህርት ቦርዱ፣ የዳኞቹ ስም ተደርድሯል። በሜሪላንድ ለፕሬዚዳንት የሚሰጠው ድምፅ፣ ግዛቱ ለብዙ ዘመን የዴሞክራቶች በመሆኑ፣ ውጤቱን የሚለውጥ አይደለም፤ ሰውየው ቢወድ ይሰጣል፣ ቢቆጣ በሌላ ስም ይሞላል። በዚያው ግዛት ሕግ ግን በፓርቲ መለያ ምርጫ የሚሳተፈው ለፓርቲው አባልነት የተመዘገበ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱን ፓርቲ ጠልቶ «ወገን የለኝም» ብሎ የተመዘገበ ሰው፣ አስተዳዳሪው በእርግጥ ከሚለይበት ምርጫ ራሱን አግልሏል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ የጎንደር እህት በሆነችው በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ የዴሞክራቶቹን መለያ ያሸነፈ ሁሉ በኅዳር እንደሚሾም በሚታወቅበት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ለካውንቲው አስተዳዳሪነት በተደረገው መለያ ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን የረቱት በ77 ድምፅ ነበር። በ2022 ሁለቱ እንደገና ተገናኙ፤ ድምፁ ዳግመኛ ተቈጥሮ ሲያልቅ ልዩነቱ 32 ሆነ።